ለኮራሎቼ መብራት ስመርጥ የሠራኋቸው ስህተቶች

የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሳሎናችን ጥግ የተቀመጠውን የጨው ውሃ አኳሪየም መንከባከብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ የከበደኝ የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ነበር። በዚያ ጊዜ ከገዛኋቸው አሥራ አራት ኮራሎች አሥሩ ሞቱብኝ፤ ከአሥሩ መካከልም ቢያንስ ስምንቱ የሞቱት እኔው በመረጥኩላቸውና ባስተካከልኩላቸው መብራት ምክንያት ነው። በቅርቡ ሦስት የአገሬ ሰዎች፣ አንዱ ከቨርጂኒያ፣ አንዷ ከቴል አቪቭ፣ ሌላው ከዱባይ፣ በተለያየ ጊዜ ደውለው “ምን ዓይነት መብራት ልግዛ?” ብለው ጠየቁኝ። ለእያንዳንዳቸው በስልክ የነገርኳቸውን በአንድ ቦታ አሰባስቤ ብጽፈው ሌላም ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አሰብኩ። የባሕር ሳይንስ ባለሙያ አይደለሁም፤ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። የምጽፈውም የደረሰብኝንና ከዚያ በኋላ በመለካትና በማንበብ ያረጋገጥኩትን ነው።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ በሥጋው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አብረውት ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ ኮራሉ ደግሞ መጠለያና ከራሱ የሚወጣውን ናይትሮጅን የመሰለ ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ስለዚህ በዓሣ ገንዳ ላይ የሚሰቀል መብራት ለዓሣው ቀንና ሌሊቱን የሚለይበት ነገር ሲሆን፣ ለኮራሉ ግን እንጀራው ነው። ቢያንስበት ይራባል፤ ከልክ ቢያልፍበት ይታመማል። ይህን ገና ከመጀመሬ በፊት አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ብዙ ከጠፋ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የገዛሁት ገንዳ 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ 91 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 46 ሴንቲ ሜትር ወርድና 41 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነበር። ክዳኑ ላይ የተገጠመ ነጭ የኤልኢዲ መብራት አብሮት መጣ። ጨዉን፣ ማሞቂያውን፣ ፓምፑንና ማጣሪያውን ለሳምንታት አጥንቼና አወዳድሬ የገዛሁ ሰው፣ መብራቱን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላሰብኩበትም። ማታ ማታ ሳሎኑን ሙሉ የሚያበራ መብራት ለአንዲት ጣት ለምታህል ኮራል ያንሳታል ብዬ መጠርጠር አልቻልኩም። መብራቱ ግን የተሠራው ጨው በሌለው ውሃ ለሚኖሩ ዓሦች ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ምልክቶቹ መታየት ጀመሩ። ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው አጭር ሆነው መቀመጥ የሚገባቸው ዞአንተስ የሚባሉ ኮራሎች፣ በዛፍ ጥላ ሥር እንደበቀለ የጎመን ችግኝ ቀጥነውና ረዝመው ወደ ላይ ተንጠራሩ። ስገዛው ደማቅ ብርቱካናማ የነበረውና እንደ ሳህን ተዘርግቶ የሚያድገው ሞንቲፖራ የተባለ ኮራል ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየጠየመ ሄዶ ቡናማ ሆነ። ዛሬ ሁለቱም የብርሃን ማነስ ምልክቶች መሆናቸውን አውቃለሁ። ብርሃን ሲያንስ አልጌዎቹ ያለውን ጥቂት ብርሃን ለመሰብሰብ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ይበዛሉ፤ የአልጌዎቹ ቀለም ወርቃማ ቡናማ ስለሆነም የኮራሉን የራሱን ቀለም ይሸፍኑታል። እኔ ግን ጥፋቱ የውሃው ነው ብዬ ደመደምኩ። በየሦስት ቀኑ ውሃ እለውጥ ጀመር፤ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያም ጨመርኩ፤ ለዓሦቹ የማበላውን ምግብ በግማሽ ቀነስኩ። በዚህም ለአልጌዎቹ ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት በመመርመሪያ እስከማይታይ ድረስ ወረዱ። ይህ ድካሜ በኋላ ለመጣው ጉዳት መንገድ እንደጠረገ ያን ጊዜ አልታወቀኝም።

ስለ መብራቱ አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን የእጅ ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጭኜ ከውሃው በላይ ስለካ ብዙ ሺህ ሉክስ አነበበልኝና ጥርጣሬዬን ተውኩት። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለኝ እፈልጋለሁ። ሉክስ የሚባለው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለይበት የሞገድ ርዝመት) አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ ኮራል የሚፈልገውን በ450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ግን በጣም አሳንሶ ይመለከተዋል። ስለዚህ ለእኛ ደማቅ የሆነ መብራት ለኮራል ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ደብዛዛ የመሰለ ሰማያዊ መብራት ደግሞ ኮራልን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህም በላይ ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ያስማማል፤ መብራቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ እጥፍ መሆኑን አይነግረንም።

በዚያ ሰሞን አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ምጽዋ ያገለገሉ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ብዙ የዋኙ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ቡናቸውን ይዘው ከገንዳው ፊት ለፊት ተቀመጡና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያም፣

“ልጄ፣ ይህ የባሕር ብርሃን አይደለም” አሉኝ።

“እንዴት ጋሼ?”

“ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ቀዩ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ጠልቄ ሳለ ድንጋይ እጄን ቆረጠኝና የፈሰሰው ደም ጥቁር አረንጓዴ መስሎ ታየኝ። ላይ ስወጣ ነው ቀይ የሆነው። እዚያ ታች ያለው ፍጥረት ሁሉ የሚኖረው በሰማያዊ ብርሃን ነው። ያንተ ግን ቢጫ ነው፤ የሱቅ መብራት ይመስላል።”

እርሳቸው የነገሩኝ በዓይናቸው ያዩትን ነው፤ እኔም ያን ማታ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ውሃ ቀይ ብርሃንን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ውጦ ያስቀረዋል፤ ጠልቆ የሚሄደው ሰማያዊው ነው። ከኮራል ጋር የሚኖሩት አልጌዎችም ይህንኑ ብርሃን ለመያዝ የተዘጋጁ ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ክሎሮፊል ኤ፣ ክሎሮፊል ሲ2 እና ፔሪዲኒን የተባሉት ማቅለሚያዎች በብዛት የሚውጡት ሰማያዊውንና ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ሰማያዊ ነው። ለኮራል ተብለው የሚሠሩት የኤልኢዲ መብራቶች ኃይላቸውን ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር ባለው ክልል የሚያከማቹትም ስለዚህ ነው። ነጩ የሚጨመረው በአብዛኛው ለእኛ ዓይን ሲባል ነው። የአጎቴ ንግግር አንዱን ስህተቴን አረመልኝ፤ ብርሃኑ ሰማያዊ መሆን እንዳለበት ተረዳሁ። ምን ያህል መሆን እንዳለበት ግን አልጠየቅኩም፤ የከፋው ጉዳት የመጣውም ከዚህ ነው።

አጎቴ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት ከአንድ ሰው በቅናሽ ገዛሁ። ሻጩ “ለአንተ ገንዳ ይህ አንድ ብቻውን ይበቃል” አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ከውሃው ወለል በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ልክ በመሃል ሰቀልኩት። ኮራሎቼ ለወራት ተርበዋልና ልካሳቸው በሚል ሐሳብ መቆጣጠሪያውን 90 በመቶ ላይ አድርጌ፣ በቀን ለ12 ሰዓት እንዲበራ አዘዝኩት። በዚያ ምሽት ገንዳው በጣም አማረ። ልጆቼ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው ከፊቱ ተቀመጡ፤ የዞአንተሶቹ አረንጓዴ ቀለም በሰማያዊው ብርሃን ሥር ፍም መሰለ።

በአምስተኛው ቀን ቡናማ የነበረው ሞንቲፖራ መፍካት ጀመረ። ቀለሙ ለስላሳ ሮዝ ሆነ፤ በእኔ ግምት እያገገመ ነበር፤ ፎቶ አንስቼም ለጓደኞቼ ላክሁ። ይህን ክፍል ስጽፍ አሁንም ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ማዳን እችል ነበር። ኮራል መንጣት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያምር ይመስላል። አልጌዎቹ ሲወጡ ቡናማው ይገፈፍና የኮራሉ የራሱ ቀለም ለጥቂት ቀናት ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነጭ አፅም የሚያሳይ ስስ ሥጋ ነው። ብርሃን ከአልጌዎቹ አቅም በላይ ሲሆን በሴሎቻቸው ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይከማቻሉ፤ ኮራሉም ራሱን ለማዳን አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣቸዋል። አዲስ መብራት በተሰቀለ በመጀመሪያው ሳምንት ኮራላችሁ በድንገት ደመቅ ካለ፣ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ብርሃኑን ቀንሱ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለ ሁለት ራሱ የቶርች ኮራል ረጃጅም ጣቶቹን ሰብስቦ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ሳየው በአንዱ ራስ ጠርዝ ላይ ሥጋው ከአፅሙ ተላቆ፣ በውሃው እንቅስቃሴ እንደ ረጠበ ወረቀት ይርገበገብ ነበር። እስከ ማታ አንዱ ራስ ሙሉ በሙሉ ተገፈፈ፤ ሁለተኛው ሰኞ ዕለት ተከተለ። እንጉዳይ ኮራሎቹ ተኮማትረው የአዝራር ያህል ሆኑ። ሞንቲፖራው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከድንጋዩ ጋር ከተጣበቀበት ከጥላው በኩል ካለች ትንሽ ቦታ በስተቀር ነጭ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነበር፤ ምክንያቱም ስለ ባሕር ኮራሎች መንጣት ሲወራ የሚነሳው የውሃ መሞቅ ነው። ቴርሞሜትሩ ግን 25.5 ዲግሪ ላይ ነበር። የጨው መጠኑም ልክ ነበር። ልክ ያልነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ብርሃኑ፣ እንዲሁም እኔ ራሴ ወደ ዜሮ ያወረድኩት ናይትሬትና ፎስፌት። ብዙ ብርሃንና ባዶ ውሃ ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳል፤ አልጌዎቹ ያገኙትን ብርሃን ወደ እድገት የሚለውጡበት ንጥረ ነገር ያጣሉና። የመብራቱን ጉልበት የምትጨምሩ ከሆነ ውሃችሁ በጣም የጸዳ አለመሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

መንገዴ የተስተካከለው በአካባቢያችን ያሉ የጨው ውሃ አኳሪየም ባለቤቶች የመሠረቱት ማኅበር ለአባላቱ የፓር መለኪያ እንደሚያውስ በሰማሁ ጊዜ ነው። ፓር ማለት ተክሎችና አልጌዎች ለብርሃን አስተፃምሮ የሚጠቀሙበት፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ነው። መለኪያው በእያንዳንዱ ሰከንድ በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ ስንት ማይክሮሞል የብርሃን ቅንጣት እንደሚያርፍ ይቆጥራል። እኔ የተዋስኩት አፖጂ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውንና በውሃ ውስጥ ለመለካት የተዘጋጀውን ኤምኪው-510 ነበር። ስትዋሱ ወይም ስትከራዩ ይህን ጠይቁ፦ አንዳንድ የቆዩ መለኪያዎች ሰማያዊውን ብርሃን አሳንሰው ያነባሉ፤ ሰማያዊ የሚበዛበትን የኤልኢዲ መብራት የምንለካ ሰዎች ደግሞ በዚያ ልንሳሳት እንችላለን። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ለምትጠቀሙበት ነገር መግዛት ግድ አይደለም፤ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ።

አነፍናፊውን ከረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ትልቋ ልጄ የገንዳውን ሥዕል በወረቀት ላይ ሥላ በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መስመር አሰመረችበት፤ እኔ ቁጥሩን ስጠራ እርሷ ትጽፍ ነበር። ፓምፖቹን አጥፍተን ነበር፤ የውሃው ወለል ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ስለሚል በእርጋታ ማንበብ ያስቸግራል። ልክ በመብራቱ ሥር፣ የላይኛው ድንጋይ ጫፍ ላይ፣ 430 አነበበ። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ስሄድ 140 ሆነ። የገንዳው ጥግ አሸዋ ላይ 45፣ ከድንጋዩ ጀርባ 20። ቶርቹ ተቀምጦ የነበረበት ቦታ 310 ነበር። ልጄ እርሳሷን አቁማ፣ “አባዬ፣ ይኸኛው ስንት ነበር የሚፈልገው?” አለችኝ። ለቶርች ከ80 እስከ 150 የሚበቃው መሆኑን ከዚያ ጠዋት በፊት አላውቅም ነበር። የድሮውን ነጭ መብራት ከሣጥን አውጥተን በዚያው ቦታ ለካነው፤ 25 ሆነ። ኮራሎቼን ከ25 ወደ 310 ያሻገርኳቸው በአንድ ሌሊት ነበር።

ያ ወረቀት ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው፣ “የገንዳው ብርሃን” የሚባል አንድ ቁጥር እንደሌለ ነው። በአንድ ገንዳ ውስጥ በረሃም ደንም አለ፤ ጥያቄው መብራቱ ስንት ዋት ነው ሳይሆን፣ ይህች ኮራል በተቀመጠችበት በዚህች ቦታ ስንት ይደርሳታል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የመብራት ጉልበት ብቻውን ዋጋ እንደሌለውና ብርሃኑን በእኩልነት መዘርጋቱ እንደሚበልጥ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ጠንካራ ብርሃን ከሥሩ ያለውን ያቃጥላል፣ ከድንጋዩ ጀርባ ያለውን በጨለማ ያስቀራል፤ ኮራሉ ሲያድግም የራሱን የታች ክፍል ያጠላበታል።

ስለዚህ ያን መብራት ሸጬ፣ መጠነኛ ጉልበት ያላቸው ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ገዛሁና እያንዳንዳቸውን በገንዳው አንድ አንድ ግማሽ ላይ፣ ከውሃው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልኳቸው። ሌሎች ምርጫዎችንም አይቻለሁ። ሜታል ሃላይድ የሚባሉት አምፖሎች ብርሃናቸው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፣ ውሃውንም ያሞቃሉ፤ ለትንሽ ገንዳ አልመክራቸውም። ቲ5 የተባሉት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎች ደግሞ ብርሃንን በእኩልነት በመዘርጋት የሚስተካከላቸው የለም፤ ጥላ አይፈጥሩም። ይሁን እንጂ ጉልበታቸው እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለባቸው፤ ሲለወጡም አዲሱ ከአሮጌው ስለሚበረታ እንደ አዲስ መብራት ተቆጥሮ ቀስ ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል። በቂ ገንዘብ ያለውና አክሮፖራን የመሰለ ብርሃን ወዳድ ኮራል ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ሁለቱን፣ ቲ5 እና ኤልኢዲ፣ አቀናጅቶ ቢጠቀም ጥሩ ነው። ለጀማሪ ግን ብርሃኑ የሚስተካከል፣ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚታዘዝ ኤልኢዲ ይበቃል።

አዲሶቹን መብራቶች ስሰቅል ባለቤቴ፣ “አሁንስ እባክህ ቀስ በል፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አለችኝ። ቃሏን ጠበቅኩ። መጀመሪያ ልደርስበት የምፈልገውን የፓር መጠን ወሰንኩ፤ ከዚያም ከዚህ መጠን ግማሽ በታች ጀመርኩ፤ በመቆጣጠሪያው ላይ በየሳምንቱ ከአምስት በመቶ ያልበለጠ እየጨመርኩ በሁለት ወር ውስጥ ደረስኩ። በመሃል አንድ ኮራል ፊቱን ከዘጋ ወይም ከገረጣ ወደ ኋላ አንድ ሳምንት እመለሳለሁ። የመቆጣጠሪያው መቶኛ ፓር አለመሆኑን አትርሱ፤ 50 በመቶ የሚለው የአንዱ መብራት የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተገዛ ኮራልን ደግሞ ምንም ዓይነት ቢሆን በመጀመሪያ የማስቀምጠው አሸዋው ላይ፣ ዝቅተኛው ብርሃን ባለበት ጥግ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ መካከለኛው ድንጋይ፣ ከዚያም ወደ መጨረሻ ቦታው ከፍ አደርገዋለሁ።

ዛሬ የምከተላቸው የፓር መጠኖች እነዚህ ናቸው። ለእንጉዳይ ኮራልና ለስላሳ ለሆኑት ዝርያዎች ከ50 እስከ 100፤ ለዞአንተስ ከ75 እስከ 150፤ ለቶርችና ሃመር ለተባለው ኮራል ከ80 እስከ 150፤ ለሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250፤ ለአክሮፖራ ከ250 እስከ 350። በእኩለ ቀን በባሕር ወለል ላይ የፀሐይ ብርሃን ወደ 2000 ስለሚደርስ እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ኮራሎች ከጥቂት መቶዎች በላይ የሚመጣውን ብርሃን ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ የተረፈው ሸክም ይሆንባቸዋል። በሁለት ቁጥሮች መካከል ስትጠራጠሩ ዝቅተኛውን ምረጡ። ብርሃን ያነሰበት ኮራል ወር ሁለት ወር ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ የበዛበት ግን በሳምንት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ከጥንካሬው እኩል የሚታሰበው የሰዓቱ ርዝመት ነው። አንድ ቦታ ላይ 200 ማይክሮሞል የሚደርስ ከሆነ በ9 ሰዓት ውስጥ የሚሰበሰበው 6.5 ሞል ገደማ ሲሆን፣ በ12 ሰዓት ግን 8.6 ሞል ይሆናል፤ ይህም መብራቱን በአንድ ሦስተኛ ከመጨመር አይለይም። እኔ ደግሞ እንግዳ እንዲያየው እያልኩ ሰማያዊውን ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት አበራ ነበር፤ ለዓይኔ የጨረቃ ብርሃን ስለመሰለኝ አልቆጠርኩትም። ኮራሉ አብልጦ የሚጠቀምበት ግን ያንኑ ሰማያዊ ነው። አሁን ሙሉ ብርሃኑ የሚቆየው 8 ሰዓት ነው፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይጠልቃል፤ ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው።

ብርሃኑ በተስተካከለ በሦስተኛው ወር አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። የውሃው አልካሊኒቲ፣ ማለትም በውስጡ ያለው በዲኬኤች የሚለካ የካርቦኔት መጠን፣ ለወራት 8.5 ላይ ይቆይ የነበረው በአንድ ሳምንት ወደ 7 ወረደ። ኮራሎቹ በቂ ብርሃን ሲያገኙ አፅም መሥራት ስለጀመሩ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ከውሃው እየወሰዱት ነበር። መብራት ያስተካከለ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ አልካሊኒቲ ይለካ፤ የወረደውንም በአንድ ቀን ሳይሆን በጥቂት ቀናት ይመልስ።

ስትገዙም ተጠንቀቁ። ብዙ ሱቆች ኮራሎቻቸውን የሚያሳዩት በጥልቅ ሰማያዊ መብራት ሥር ነው፤ በዚያ ብርሃን የኮራሉ ፕሮቲኖች ስለሚያበሩ ተራው ሁሉ ዕንቁ ይመስላል፤ የታመመውም ጤነኛ ይመስላል። ነጭ መብራት እንዲያበሩላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ሥጋው አፅሙን በሙሉ መሸፈኑን፣ ጠርዙም አለመገርጣቱን ተመልከቱ። ኮራሉ በሱቁ ውስጥ በስንት ፓር ሥር እንደነበረም ጠይቁ። ደህና ሻጭ ይህን ያውቃል፤ ካላወቀ ደግሞ ዝቅተኛ ብርሃን ላይ እንደነበረ ቁጠሩት።

ሦስት ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ልጨምር። የመብራቱ መስታወት ላይ የሚረጭ ጨው ሲደርቅ ብርሃኑን ያግዳል፤ በየወሩ በረጠበ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ለወራት ቆሽሾ የቆየ ከሆነ ግን ከማጽዳቴ በፊት መቆጣጠሪያውን ዝቅ አደርገዋለሁ። ጊዜ ያለፈበት የገንዳ ውሃ ቢጫ ይላል፤ ያ ቢጫነት ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ የከሰል ማጣሪያ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስትለውጡ ውሃው በድንገት ይጠራና ኮራሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይጨምራል። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ ለውጡ። ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው፦ የመብራቱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ የጨው ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይገባ ይረዳል። መብራቱንም ውሃ ውስጥ ሊወድቅ በማይችል ማንጠልጠያ አጥብቁት።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሞክር ሰው ደግሞ ይህን እላለሁ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያሳስባችሁ መብራቱ አይሁን። ጤነኛ ኮራል አንድ ሁለት ቀን በጨለማ ቢያሳልፍ አይጎዳም፤ ፓምፑ ቆሞ ኦክስጅን ካጠረ ግን በሰዓታት ውስጥ ዓሦቹም ኮራሎቹም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ያላችሁን ባትሪ ለውሃው እንቅስቃሴ አውሉት። ኤሌክትሪኩ ሲመለስም ያለፈውን ለማካካስ ብላችሁ የመብራቱን ሰዓት አታርዝሙ።

ከሞንቲፖራው የቀረችውን ጥላ ውስጥ ያለች ትንሽ ሥጋ አልጣልኳትም። ከሰባት ወር በኋላ ከነጩ አፅም ሥር እንደ ጥፍር ቀጭን የሆነ ብርቱካናማ ጠርዝ ወጣ፤ ዛሬ የሞተውን አፅም ሸፍኖት ከመዳፌ ይሰፋል። ልጄ የሣለችው ወረቀት በገንዳው ቁምሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ በየስድስት ወሩ መለኪያውን ተውሰን እንደገና እንለካለን፣ አዲሱን ቁጥር በሌላ ቀለም እንጽፋለን። ባለፈው ወር ባለ አንድ ራስ ቶርች ገዝቻለሁ፤ አሁን ያለው በግራ በኩል አሸዋው ላይ፣ 65 በሚያነበው ቦታ ነው። ቅዳሜ ወደ መካከለኛው ድንጋይ፣ 100 ወዳለበት አወጣዋለሁ።